ተከራዩም የሰፈሩ ሰው ነው

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት ሳነብ ከአንባቢያን የሚላኩላችሁ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታዎች መሆናቸውን አስተውያለሁ፤ ውኃ ጠፋ፣ መንገድ ተበላሸ፣ ጉዳዬ ተጓተተ የሚሉ ናቸው። ሁሉም መጻፍ ያለባቸው ናቸው፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሁን እንጂ ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ በደጃችን ያለውን መልካም ነገር ሳናከብረው ኖረን ከእጃችን ሲወጣ ብቻ ስሙን የምንጠራ ሰዎች እየሆንን ነው ብዬ ስለማምን፣ በቅድሚያ ለምኖርበት ሰፈር ምስጋናዬን እንዳደርስ ፍቀዱልኝ። ጥያቄዬም ከዚሁ ምስጋና የሚወጣ ነው።

የምኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከተማዋ ስሟን ካገኘችበት ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ሰፈር ነው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት የከተማዋ ስም መንቆረር ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው፤ መንቆረር የሚለው ስም ግን በሽማግሌዎች አፍ ዛሬም አልጠፋም። በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተቆረቆረ ከተማ ከጥንስሱ የመጤ ከተማ ነው። ወታደሩ፣ ደብተራው፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው ከየአገሩ መጥቶ ነው የሰፈረው። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና፣ ሰፈርተኛ ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ መጥቶ ያረፈ ሰው ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ አማርኛ አስተማሪ ስለ ነበርሁ ይህን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ቃሉ እኔንም እንደሚመለከት በሚገባ የተረዳሁት ግን እዚህ ሰፈር ከኖርሁ በኋላ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የጮቄ ንፋስ የሚደርሳት፣ ዝናቧም ብርዷም የማይናቅ ናት። ክረምት ሲበረታ ጎርፉ ከላይኛው መንገድ ተንደርድሮ በእኛ ሰፈር በኩል ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰፈርተኛው ተጠራርቶ፣ አካፋውንና ዶማውን ይዞ፣ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ይጠርጋል። ቀኑን መምረጥ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የወሩን በዓላት የሚያውቁ አንድ ቄስ ጎረቤታችን ከአንዱ በዓልና ከሌላው በዓል መካከል ቀን ይፈልጉልናል፤ ሥራውም ሰው ወደ እንጀራው ሳይሰማራ፣ በማለዳ ይጀመራል። ለዚህ ሥራ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደርሶን አያውቅም። ቆሻሻውን ወንዶቹ ሲያወጡ ልጆች በሳፋና በማዳበሪያ ከረጢት ያግዛሉ፣ ሴቶች ቡናና ንፍሮ ይዘው ይወጣሉ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላም ቦዩ ይጠራል።

በቦዩ ጠርዝ ከተደረደሩት ድንጋዮች መካከል አንዱን ልዩ አድርጌ አየዋለሁ። ከመብራት ምሰሶው ሥር ያለው ሰፊ ጥቁር ድንጋይ የወፍጮ ድንጋይ ነበር፤ መካከሉ በመጅ ተበልቶ ጎድጉዷል። የኤሌክትሪክ ወፍጮ በአቅራቢያችን ከተተከለ በኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ ጎርፉ የቦዩን ጠርዝ በበላ ጊዜ፣ ድንጋዩን ከጓዳቸው በልጆቻቸው አስወጥተው ሰጡን። ስንት ዓመት ጉልበታቸውን ያፈሰሱበት ድንጋይ ነው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን በጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ዶሮዎች ከዚያ ይጠጣሉ። አዲስ መጥቶ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ድንጋይ ብቻ ነው፤ እኛ ግን የሴትየዋን እጅ እናየዋለን።

ከቤቴ በስተግራ የሚኖሩት እናት ግብጦ ይሸጣሉ። ግብጦ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለሌላ አገር አንባቢ ግን መራራ እህል መሆኑን፣ ተቆልቶ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ እንደማይበላ መንገር ያስፈልጋል። እንግዲህ ግብጦ የሚሸጥ ሰው ውኃ ከሌለ እንጀራ የለውም። ቀድሞ ሁላችንም ከአንድ ቦኖ በምንቀዳበት ጊዜ ጀሪካኖቻችን ከሌሊት ጀምረው ተሰልፈው ያድሩ ነበር፤ ባለቤቱ ባይኖርም የጀሪካኑን ተራ የሚደፍር አልነበረም። ውኃ በሚጠፋበት ሳምንት ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ካለችው ቀንሶ ለእኒህ እናት ግብጦ መለወጫ ይሰጥ ነበር። እሳቸውም ምሬቱ ለቅቆ ሲጣፍጥ፣ ወደ ገበያ ከማውጣታቸው በፊት፣ በጣሳ እየሰፈሩ ለሰፈሩ ልጆች ያድላሉ። የእኔ ልጆች አፋቸውን የፈቱት ግብጦ እየቆረጠሙ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ቧንቧ በየግቢው ገብቷል፤ ልማዱ ግን አልቀረም፤ ቧንቧው በደረቀ ቁጥር የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የእኒያ እናት ግብጦ እንዴት ሆነ የሚል ነው።

ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት በ1986 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ከሞጣ ተዛውሬ፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው። ያን ጊዜ ላጤ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት ውዬ ማታ ደብተር ሳርም አመሻለሁ፣ ከአከራዮቼ በቀር የማውቀው ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥር ወር አባቴ ሞጣ ላይ አረፉ። ስልክ በየቤቱ ስላልነበረ መልእክቱን ያመጣው በአውቶቡስ የመጣ የአገሬ ሰው ነበር፤ እሱም ወግ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ለእኔ ሳይሆን ለአከራዬ ነገራቸው። አከራዬም ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አደረሱ። እኔ ያን ምሽት ምንም ሳላውቅ ራቴን በልቼ ተኛሁ፤ እንዲያውም አከራዬ ከወትሮው የተለየ ራት ልከውልኝ ስለ ነበር አመስግኜ መብላቴን አስታውሳለሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ሐዘን ሳይደርስብኝ ሆዴ እህል ይያዝ ብለው ነው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ ጋቢና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል። ብዙዎቹን በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም ነበር። አንድ አዛውንት ወደ ፊት ቀረብ ብለው፣ «መምህር፣ በርታ ልጄ፤ አባትህ አርፈዋል» አሉኝ። ሁለት ጎልማሶች ቀደም ብለው በግራና በቀኜ ቆመው ነበር፤ እንዳልወድቅ ሊይዙኝ መሆኑ የገባኝ ከያዙኝ በኋላ ነው። ቀብሩ አልፎ ስለ ነበር ሐዘን የተቀመጥሁት እዚሁ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ እስከ ሠልስት ድረስም እዝኑ ከየቤቱ በመሶብ እየመጣ ሰው ሳይለየኝ አለፈ። ለዚያ እድር አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም፤ ስሜም በመዝገቡ አልነበረም።

ከአርባው በኋላ ነገሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ። አንዳንዶች ደንቡ በሰፈሩ ቤት ያለውን ሰው ብቻ በአባልነት እንደሚቀበል አስታወሱ፤ በክፋት አልነበረም፣ ደንብን ደንብ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ መርዶውን የነገሩኝ አዛውንት፣ «ለቅሶውን ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን አልቅሰን ስናበቃ ሰውየው የእኛ አይደለም ልንል ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጠው ስሜን ጻፉ። ከዚያ በኋላ አግብቻለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፣ በብዙ ድካም እዚያው ሰፈር ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቼ አድሼአለሁ፤ የሰፈሩ ሰው የሆንሁት ግን ካርታ በስሜ በወጣ ቀን ሳይሆን በዚያ ማለዳ ነው።

እድርን ለማታውቁት ለማስረዳት አይደለም፤ እናንተም አንባቢያንም የምታውቁት ነው። ነገር ግን በቅርብ ሆኖ ለሚያየው ሥራው ከባድ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ደመወዝ የላቸውም። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጎረቤታችን ሳህኑን በደርዘን፣ ብረት ድስቱን በቁጥር ተረክበው፣ ከእያንዳንዱ ለቅሶ በኋላ አንድ ማንኪያ ብትጎድል ይፈልጋሉ። በሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአንድ እድር አባል ስለ ሆነ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሁለት ወገን የተቀመጡ ድስቶች አሉ፤ የአንዱ ከሌላው እንዳይደባለቅ መያዣቸው በተለያየ ቀለም ተቀብቷል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ስለ መቻቻል ስብሰባ ተቀምጠው አያውቁም። ጎረቤታቸው ለቅሶ ቤት ሲመጣ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ፈለጉ፣ ቀለም ገዙ፣ ቀቡ። በፋሲካና በአረፋ ልጆቻችን ዳቦና ጣፋጭ ይዘው ከበር በር ሲሯሯጡ ሳይ፣ ያ ቀለም የተቀባ መያዣ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

ባለፉት ዓመታት መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ሰፈሩ የባሰ ጉልበቱን አሳይቶናል። በዚያን ጊዜ ዱቄት ያለው ዱቄት፣ ዘይት ያለው ዘይት፣ ጨው ያለው ጨው ይዞ ይወጣ ነበር፤ ባለሱቃችንም የዱቤ ደብተራቸውን ገልጠው ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መጻፍ አልሻም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ሰፍታለች፣ የኪራይ ቤት ፈላጊውም በዝቷል። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ በግላቸው ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች በየግቢው ገብተዋል። ቀድሞ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረው ግቢ ዛሬ ከዋናው ቤት ጀርባ አራትም አምስትም ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረዋል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ለባለ ቤቱ ገቢ፣ ለሰፈሩም ሕይወት ነው። ነገር ግን አጥሩ ከእሾህና ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ሲለወጥ፣ የግቢው በርም ቀንና ሌሊት ሲዘጋ፣ ተከራዩ ከሰፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ጠፋ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ሰላምታ ቢሰጠን እንመልሳለን፤ ስሙን ግን አንጠይቅም፣ ነገ ይሄዳል ብለን።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከቤቴ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ግቢ ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ ተከራይታ ትኖራለች። እናቷ በሩቅ አገር አረፉ። ዛሬ መርዶ የሚደርሰው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ራት በላህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ በግራና በቀኝ የሚቆም ሰው አያስከትልም። ልጅቱ የእናቷን ሞት የሰማችው ከሌሊት ተረኝነት ተመልሳ ልብሷን ሳትቀይር፣ በክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ሆና ነው። በማግስቱ ተሳፍራ ሄደች፣ ሳምንት ቆይታ ተመለሰች፣ ሥራዋንም ጀመረች። እኛ አላወቅንም። ያወቁት ግብጦ የሚሸጡት እናት ናቸው፤ ልጅቱ ሁልጊዜ ስታልፍ ትገዛቸው ነበርና፣ በሦስተኛው ሳምንት ከጋውኗ ሥር ጥቁር ልብስ መልበሷን አይተው፣ «ምነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት። መንገድ ዳር ቆማ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላለቀሰችውን በእሳቸው ትከሻ ላይ አለቀሰች።

ያን ዕለት ማታ ሁላችንም ሄድን። እዝን ይዘን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ በርጩማና በካርቶን ላይ ተቀመጥን። እሷም በትሕትና ተቀበለችን፣ ቡና አፈላች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ኀፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። እኔን ያ ሁሉ ሰው በማለዳ ቆሞ እየጠበቀኝ ሐዘኔን የተቀበልሁ ሰው፣ እሷን ማን አላት ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ኖሬአለሁ። አከራይዋም መልካም ሰው ናቸው፤ ነገሩን የሰሙት ከእኛ ጋር ነው። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ የምጥለው አይደለም፣ የሁላችንም ነው።

ከዚያ በኋላ ተከራዮች በእድሩ እንዲታቀፉ ሐሳብ አቅርበናል፤ ሐሳቡም ከባድ ክርክር አስነሥቷል። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት መሠረት የሌለው አይደለም። እድሩ በብዙ ዓመት መዋጮ ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ አፍርቷል፤ አዲስ አባል ሲገባ የዚህን ንብረት ድርሻ በመመዝገቢያ መክፈሉ የቆየ ሥርዓት ነው። ለወራት ብቻ የሚቀመጥ ተከራይ ይህን ያህል ገንዘብ ክፈል ቢባል አይችልም፤ አትክፈል ቢባል ደግሞ ለዓመታት ያዋጡት ቅር ይላቸዋል። ዕቃ ወስዶ ሳይመልስ ቢሄድ ማን ይጠየቃል የሚልም ጥያቄ አለ። ለቀብር መውጣትና ለተራ ሥራ መገኘት ግዴታ ስለ ሆነ፣ ሥራው በፈረቃ የሆነ ሰው ቅጣት ይበዛበታል የሚሉም ነበሩ። በተለይ የመጨረሻው ስጋት ለተከራዮቹ ለራሳቸው በመቆርቆር የተነገረ ስለ ሆነ አክብሬ ሰምቼዋለሁ።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፣ ተከራይን ከእድር ማራቅ የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ከሰፈራችን ነዋሪዎች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሆነው ኖረዋል። ወርኃዊ ኪራይ ለቀበሌ እየከፈሉ የእድር ዳኛ የሆኑ፣ ገንዘብ የያዙ፣ የሰፈሩን ሙት የቀበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ካርታችሁ የት አለ ያላቸው የለም። ሁለተኛም፣ ተከራይ ነገ ይሄዳል የሚለው ግምት እንደ ቀድሞው አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት አብሮን የሚኖር ሰው እንግዳ ሊባል አይችልም። እኔ ራሴ በመዝገቡ ስገባ በሰፈሩ ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ስለ ገንዘቡና ስለ ዕቃው ያቀረብነው መፍትሔ ቀላል ነው። ተከራዩ የንብረት ድርሻ የሚባለውን መመዝገቢያ ሳይከፍል ወርኃዊ መዋጮውን ብቻ እየከፈለ፣ በሚኖርበት ጊዜ ሁሉ ለሐዘኑ ድንኳኑና ዕቃው ይውጣለት፤ ሲሄድ የሚጠይቀው ድርሻ አይኖረውም፣ ቅሬታም አይኖርም። ዕቃ ሲወጣለት አከራዩ ይፈርምለት፤ ቤቱን ያመነው ሰው በድስት አይጠረጥረውም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀብር መውጣት ካልቻለ በሌላ ይካስ፤ ነርሷ ለምሳሌ በየሳምንቱ የአንዲት አልጋ ላይ የዋሉ እናትን ደም ግፊት ትለካለች፣ ይህም ማንም ሳያዛት የጀመረችው ነው። ከሁሉ በላይ ግን አከራዮችን የምለምነው አንድ ነገር አለ። አዲስ ተከራይ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ቡና ይፈላና ጎረቤት ይጠራ፣ ስሙ ይነገር፣ አገሩ ይጠየቅ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚነገርለት ዘመድ ስልክ በአከራዩ ዘንድ ይያዝ። ለዚህ ደንብ ማሻሻል አያስፈልግም፤ ግብጦ የሚሸጡት እናት ከዚያ ወዲህ አምስት አዳዲስ ተከራዮችን በደጃቸው አስቀምጠው ቡና አጠጥተዋል፣ ስማቸውንም ለሁላችንም ነግረውናል።

ጉባኤያችን በመጪው ሰኔ ይሰበሰባል። የማሻሻያውን ረቂቅ ሽማግሌዎቹ በቃል ሲናገሩ በኮምፒውተር የጻፈችው ያችው ነርስ ናት፤ አንቀጾቹን ስታነብልንም አንድ ሁለት ቦታ ላይ የተሻለ ቃል ሰጥታናለች። በሌሎች የጎጃም ከተሞች፣ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም በደንበጫም በባሕር ዳርም፣ ተከራዮችን የተቀበሉ እድሮች ካሉ ነገሩን እንዴት እንዳከናወኑት፣ ምን እንዳስቸገራቸውም ጭምር፣ በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን ጉባኤው ከመድረሱ በፊት አንብበን እንመክርበታለን። ደብዳቤዬ ረዝሟል፤ ቦታ ቢጠባችሁ ስለ ከተማዋ ታሪክ የጻፍሁትን ቀንሳችሁ፣ ስለ ልጅቱና ስለ እድሩ የጻፍሁትን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ማርቆስ